«ርዕሱ ተሠርቷል»

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ፕሮፖዛሉን ይዞ ኮሚቴ ፊት ሲቆም ወሽመጡን ከሚቆርጡት መልሶች አንዱ «ይህ ርዕስ ተሠርቷል» የሚለው ነው። በብዙ የትምህርት ዘርፎች መልሱ አግባብ አለው፤ ሌላው ለፍቶ የደረሰበትን እንደ አዲስ ግኝት አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው። የደን አፈርን በተመለከተ ግን ይህ መልስ ጉዳት እያደረሰብን ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ደን በዓመት ምን ያህል ቅጠል እንደሚያረግፍ፣ የረገፈው በምን ያህል ጊዜ በስብሶ አፈር እንደሚሆን፣ በውስጡ ከነበረው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ስንቱ ተመልሶ ወደ ሥር እንደሚገባ አንድ ጊዜ ለክቶ «ታወቀ» ማለት አይቻልም። ክረምቱ ዘንድሮ ቀድሞ ይገባል፣ ለከርሞ ይዘገያል። ዛፉ አንድ ዓመት በፍሬ ይጎብጣል፣ በሚቀጥለው ባዶውን ይቆማል። የደን ነገር የሚገለጠው ያው ቦታ በያው ዘዴ ዓመት በዓመት ሲለካ ነው።

ይህን ስጽፍ በሐሳቤ ያሉት የምሥራቅ ጎጃሞቹ ከተሞች ቢቸናና ሞጣ ናቸው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ የተጓዘ ሰው አገሩን ያውቀዋል። ግራና ቀኙ እስከ ዓይን ጥግ እርሻ ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ጓያ። በእርሻው መሐል አልፎ አልፎ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ብቻውን ቆሞ ይታያል። እዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ መንገደኛው ሳይጠይቅ ያውቃል። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱ በእነዚህ አጸዶች ውስጥ ተጠግቶ ይኖራል። ከቅጥሩ አንድ እርምጃ ሲወጡ ሞፈር የደረሰበት መሬት ይጀምራል።

ሁለቱ ከተሞች ለአፈር ተመራማሪ የተዘጋጁ የሚመስሉበት አንድ ምክንያት አለ። ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ሁለቱም የጮቄ ተራራ ጎረቤት ናቸው፤ ሞጣ በሰሜን በኩል፣ ቢቸና በምሥራቅና በደቡብ መሐል። ዝናባቸውም በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚወርድ ነው። አፈራቸው ግን ይለያያል። የቢቸና ዙሪያ፣ የእነማይ ሜዳ፣ ዋልካ ይበዛበታል፤ ያ በክረምት ውኃ አቁሮ እግር የሚይዝ፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ የበግ ግልገል እግር የሚውጥ ጥቁር አፈር ነው። ወደ ሞጣ፣ ወደ ሁለት እጁ እነሴ ሲዘልቁ ቀዩ አፈር ይበረክታል። ከፍታውና የዝናቡ ወቅት ከሞላ ጎደል አንድ ሆኖ አፈሩ ሲለያይ፣ ለተመራማሪ ሌላ ቦታ በብዙ ገንዘብ የሚፈለግ ንጽጽር እዚህ ተፈጥሮ ራሷ አዘጋጅታዋለች።

ልዩነቱ የቀለም ብቻ እንዳይመስለን። ዋልካ ላይ ውኃ ሲቆም አፈሩ ውስጥ አየር ያጥራል። አየር ሲያጥር በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ይለውጡትና ናይትሮጂኑ ወደ ሰማይ ይሄዳል። አርሶ አደሩ በብድር የገዛው ዩሪያም በዚሁ በር ሊወጣበት ይችላል። በቀዩ አፈር ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ብረትና አሉሚኒየም የበዛበት አፈር ፎስፈረሱን ጨብጦ ይይዘዋል፤ መሬቱ ውስጥ እያለ ሰብሉ አያገኘውም፣ ቁልፉ እንደ ጠፋ ጎተራ። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ደግሞ ይህ ይብሳል፤ በጎጃም በየወረዳው ኖራ የሚበተነውም ለዚህ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው፦ ባለ ዋልካው አጸድ ውስጥ ያሉት ዛፎች ማንም ዩሪያ ሳይበትንላቸው ናይትሮጂናቸውን እንዴት ጠብቀው ኖሩ? ቀዩ አፈር ላይ ያለው ወይራ ዳፕ ሳያይ ፎስፈረሱን ከየት እያመጣ ለመለመ? መልሱ በከፊል እግራቸው ሥር በተነጠፈው ቅጠል ውስጥ፣ በፈንገሱ፣ በምስጡ፣ በመሬት ትሉ ሥራ ውስጥ እንዳለ እናውቃለን። ልኩን ለማወቅ ግን መቁጠርና መመዘን ያስፈልጋል።

ይህ የተማሪ ቤት ጨዋታ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የመኸር ዘር ወቅት ማዳበሪያ ሲጠፋ በአማራ ክልል አርሶ አደሮች አደባባይ ወጥተው «ማዳበሪያችን የት ደረሰ?» ብለዋል። ያን ያህል የተጨነቅንበት ነገር መሬታችን ቀድሞ የነበረውን ለመተካት የምንገዛው ነው። ቀድሞ የነበረው ምን ያህል ነበር? እርሻው ከታረሰ ስንት ትውልድ ሆኖታል፤ ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለምድጃ እየሄደ ለመሬቱ የሚመለሰው ጥቂት ነው። በቢቸናም በሞጣም ያልታረሰ አፈር ለማግኘት ሁነኛው ቦታ የቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው። እርግጥ ነው፣ አባቶች ቤተ ክርስቲያን ሲተክሉ ቦታ መርጠው ነውና አጸዱ ያለበት ጉብታ ከታች ካለው ሜዳ ጋር በሁሉም ነገር እኩል ነው ማለት አይቻልም። ጠንቃቃ ተማሪ ይህን ያስተካክላል፤ ከቅጥሩ ሥር፣ በያው ተዳፋት ላይ ካለው ማሳ ጋር ያነጻጽራል። ያም ሆኖ ከዚህ የተሻለ የጥንቱ አፈር ምስክር የለንም።

እስካሁን የተሠራው ጥቂት አይደለም፤ የሠሩትንም ማመስገን ይገባል። ደመል ተክታይ በሰማንያዎቹ ዓመተ ምሕረት የደጋ ደኖቻችንን የዘር ሥነ ምኅዳር መሠረት ጣለ። ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን በቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ጨረሰ። በደቡብ ጎንደር 28 አጸዶች ውስጥ እርሱና ባልደረቦቹ 168 የእንጨት ዕፅዋት ዓይነት መዝግበዋል። ከግኝቶቹ አንዱ ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል፦ የአጸዱ ዋና ዋና ዛፎች አብዛኞቹ ዘራቸውን አፈር ውስጥ አያጠራቅሙም። ደኑ ከተመነጠረ በኋላ መሬቱ ከማኅፀኑ ዋንዛና ዝግባ ያወጣልናል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው ማለት ነው። ከብት ሲገባ ችግኙ እንደሚጠፋ፣ የድንጋይ ካብ ሲታጠር እንደሚበረክትም ተጠንቷል። በኮልጌት ዩኒቨርሲቲ ያለችው ካተሪን ካርዴሉስና ባልደረቦቿ፣ ኢትዮጵያውያንም ያሉበት ቡድን፣ መቃብር፣ ሕንፃ፣ የእግር መንገድና ባሕር ዛፍ ደኑን ከውስጥ እንዴት እንደሚያሳሱት አሳይተዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከአውሮፕላን ያነሣቸው ፎቶግራፎች አዲስ አበባ ተቀምጠው ተገኝተው ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር ተነጻጽረዋል። አጸዶቹ እንደ ቆሙ ናቸው፤ በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ነው የሄደው።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ደን በስፋት የሚጠቀሱት እነዚህ ጥናቶች ግን በአመዛኙ ከዓባይ ማዶ፣ በደቡብ ጎንደር፣ የተሠሩ ናቸው። የዋልካ ጥያቄ ደግሞ የቢቸና ጥያቄ ነው። ሌላው ነገር፣ አብዛኛው ጥናት ምን ዛፍ እንዳለ፣ ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደቀነሰ የሚቆጥር ነው። አፈሩና ቅጠሉ በዓመቱ ውስጥ ምን እየተቀባበሉ እንደሆነ ለማወቅ ወቅቶችን መከተል ይጠይቃል፤ የእኛ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚያንሰውም እዚህ ላይ ነው።

አንድ የማውቀው ልጅ፣ የምሥራቅ ጎጃም ሰው፣ የሁለተኛ ዲግሪውን በዚህ ጉዳይ ላይ ሠራ። ዘዴው በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። የደረቀ ቅጠል 10 ግራም ተመዝኖ ወንፊት በመሰለ የናይለን ከረጢት ይገባል፣ ከረጢቱ ከደኑ ቅጠል ሥር ይቀመጣል፣ በየወሩ የተወሰነው እየተነሣ ይመዘናል። የጎደለው ክብደት መሬቱ የበላው ነው። የቀረው ላቦራቶሪ ሄዶ ናይትሮጂኑና ፎስፈረሱ ይለካል። ልጁ ናይለኑን ገዝቶ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰደና በስንዝር በስንዝር አሰፋው። ቁጥር ለማድረግ የቲማቲም ጣሳ በመቀስ ቆራርጦ በምስማር ወቅሮ ጻፈበት፤ ወረቀት ምስጥ ይበላዋል። የብሳናውን ለብቻ፣ የወይራውን ለብቻ፣ የባሕር ዛፉን ለብቻ አድርጎ በሲባጎ ከዛፍ ግንድ ጋር አሰራቸው።

ቄሰ ገበዙ ቆመው ሲያዩት ቆይተው «ልጄ፣ ምነው ቅጠሉን አሰርከውሳ?» አሉት።

«አባቴ፣ መሬቱ በስንት ጊዜ እንደሚበላው ለማየት ነው።»

«የብሳናውን ክረምት ሲገባ ወዲያው ይጨርሰዋል። ያን የባሕር ዛፍህን ግን ለልጅ ልጅህ አደራ በለው።»

የቄሰ ገበዙ ንግግር በጥናት ቋንቋ ሲመለስ በሥነ ጽሑፉ ያለውን ነው የሚለው። የብሳና ቅጠል ለስላሳና በንጥረ ነገር የበለጸገ ስለሆነ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ባሕር ዛፍ ዘይቱና መራራው ያዘገየዋል። ከሁሉ ይልቅ ግን ልብ ያልኩት «ክረምት ሲገባ» ያሉትን ነው። ልጁ ከረጢቶቹን ያስቀመጠው ኅዳር ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ፕሮፖዛሉ አልጸደቀም፣ ገንዘቡ አልተለቀቀም። የመጨረሻውን ያነሣው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ መጻፍ አለበት፣ ሰኔ ላይ ዲፌንስ አለ። ኅዳርና ሚያዝያ መሐል ያለው በጋ ነው። ቅጠሉ እንደገባ ወጣ ማለት ይቻላል፤ የጎደለው ኢምንት ነው። ቴሲሱ ላይ «መበስበሱ ዝግተኛ ነው» ተብሎ ተጻፈ። በበጋ የተለካ ነውና ቁጥሩ እውነት ነው። ስለ ደኑ የሚናገረው ግን እውነት አይደለም፤ የደኑ ወጥ ቤት የሚነደው በክረምት ነውና። ለተጨማሪ ማረጋገጫ ብሎ የተዋቸው ከረጢቶች ደግሞ ዝናቡ ሥራውን ሲጀምር እዚያው መሬት ውስጥ ነበሩ። የሚያነሣቸው ጠፋ።

በሚቀጥለው ዓመት የዚያው ክፍል ሌላ ተማሪ እነዚያን ከረጢቶች አንሥቶ፣ አዲስ ጨምሮ፣ በክረምት ለመቀጠል ጠየቀ። የተሰጠው መልስ «ይህ ርዕስ ተሠርቷል» ነበር። ተማሪው ወደ ሌላ ወረዳ፣ ወደ ሌላ ደን ሄዶ ሌላ በጋ ለካ።

መደርደሪያዎቻችን ላይ እንዲህ ያሉ በጋዎች ተከምረዋል። እያንዳንዱ ለብቻው ጥሩ ሥራ ነው፣ አንዱ ግን ከሌላው ጋር አይደመርም፤ ቦታው ሌላ፣ የከረጢቱ ወንፊት ሌላ፣ አፈሩ የተወሰደበት ጥልቀት ሌላ። ተማሪዎቹ ጥፋት የለባቸውም፤ አማካሪዎቹም በወረቀት ተራራ ሥር ናቸው። የሚቀየረው ደንቡ ነው። በአንድ የተመረጠ ቦታ ላይ ያው ርዕስ ከተማሪ ወደ ተማሪ እየተላለፈ እንዲሠራ መፈቀድ ብቻ ሳይሆን መበረታታት አለበት። የፊተኛው የለካውን የኋለኛው ይለካዋል፣ አንድ አዲስ ጥያቄም ይጨምርበታል። የመጀመሪያው የረገፈውን ቅጠል ይመዝናል፤ ሁለተኛው ያንኑ እየመዘነ ፎስፈረሱን ይከተላል፤ ሦስተኛው ያንኑ እየመዘነ ከዋልካው ስንጥቅ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ያያል። በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ዓመት የዶክትሬት ተማሪ መጥቶ የሁሉንም አንድ ላይ ያነበዋል።

ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ቅንጦት አለመሆኑን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጮቄ ግርጌ፣ በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ ወረዳ፣ አንጀኒ የሚባል አነስተኛ ተፋሰስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከሉበት። የዝናቡን፣ የወንዙን፣ የተጠረገውን አፈር መጠን እዚያው የሚኖሩ ሰዎች ዕለት በዕለት መዘገቡ። ፕሮጀክቱ ካበቃ በኋላም መረጃው ስላለ በጣም ብዙ ኢትዮጵያዊ ተማሪዎች ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪያቸውን በአንጀኒ ቁጥሮች ሠርተዋል። የጎጃም አፈር እንዴት ወደ ዓባይ እንደሚሄድ ከምናውቀው ብዙውን ያወቅነው አንድ ቦታ ሳይለወጥ ስለተለካ ነው። አዴት የግብርና ምርምር ማዕከልም ቢሆን ለሰብል ሙከራ ሞጣንና ቢቸናን ሲጠቀም ኖሯል፤ አንድ የጤፍ ዝርያ በአንድ ዓመት ውጤት አይለቀቅም። ለጤፍ የፈቀድነውን ለደን የምንከለክልበት ምክንያት አይታየኝም።

በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ሃባርድ ብሩክ የሚባል ደን ውስጥ ጂን ላይከንስና ኸርበርት ቦርማን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1963 የዝናቡንና የወንዙን ውኃ መለካት ጀመሩ። በ1965 መጨረሻ ገደማ የአንዱን ሸለቆ ዛፍ ሙሉ በሙሉ አስቆርጠው መልሶ እንዳያቆጠቁጥ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ናይትሬት ከአፈሩ ወጥቶ ወንዙን ሞላው፤ ዛፉ ምን ይዞ እንደነበር ዓለም ያየው ያን ጊዜ ነው። በሰሜን አሜሪካ የሚዘንበው ዝናብ አሲድ እንደሆነ የታወቀውም በዚያው መዝገብ ነው፤ ሲጀምሩ ግን ይህን እናገኛለን ብለው አልነበረም። እዚያ የተማሪ ትውልድ እየተተካ እስከ ዛሬ ይለካል። የድኅረ ምረቃ ተማሪው እንደ ረዳት ተመራማሪ ተቀጥሮ ክፍያው ተሸፍኖለት፣ መተዳደሪያ እየተሰጠው ይማራል። የእኛዎቹ ጎበዞች ለፕሮፌሰሮች ኢሜይል እየጻፉ ያን ዕድል ማሳደዳቸው ተገቢ ነው፤ እደግፈዋለሁ። የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ «ሳንድዊች» የሚለው የዶክትሬት ፕሮግራም፣ ተማሪው መረጃውን በአገሩ ሰብስቦ እዚያ የሚጽፍበት፣ ለቢቸና ደን በልኩ የተሰፋ ነው። ነገር ግን ይዞት የሚሄደው የብዙ ዓመት መረጃ ያለው ተማሪና ባዶ እጁን የሚጽፍ ተማሪ በር ሲያንኳኩ እኩል አይከፈትላቸውም።

ምን ያህል ያስወጣል? የከረጢቱ ዋጋ ከልብስ ሰፊው አያልፍም። ውዱ የላቦራቶሪው ነው፤ ዛሬ ብዙ ተማሪ ከኪሱ ነው የሚከፍለው፣ ገንዘቡ ሲያልቅም የናሙናው ቁጥር ይቀነሳል። ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ከአዴት ጋር ሆነው በየዓመቱ ከአራት አጸዶች፣ ከቢቸና ሁለት ከሞጣ ሁለት፣ የሚመጣን ናሙና በነጻ ለመመርመር ቢስማሙ ዋናው ሸክም ይነሣል። ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት አዲስ ደን ከማሰስም ይረክሳል።

ስለ ባሕር ዛፉ አንድ ነገር ልበል፤ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያንን ሲወቅሱ እሰማለሁና። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ወሰደ፤ ካህኑ ግን እንደ በፊቱ ቀድሶ ማደር ነበረበት። በአጸዱ ዳር የተተከለው ባሕር ዛፍ የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የካህናት ደመወዝ ሆኗል። ተነሥና ንቀል ማለት ቀላል ነው። ምን ያህል ርቀት ላይ ቢተከል የውስጡን አፈር እንደማይጎዳ በሜትር መንገር ግን ቁም ነገር ነው፤ ይህን ሊነግረን የሚችለውም ከባሕር ዛፉ ዳር እስከ ደኑ ውስጥ ዓመት በዓመት አፈር የወሰደ ተማሪ ነው። ሰበካ ጉባኤው ቁጥሩን ካገኘ ይወስናል፤ እስካሁን የሰጠው የለም።

የጸጥታው ጉዳይ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት የመስክ ሥራን ለተማሪው የሕይወት ጥያቄ አድርጎበታል፤ ለአካባቢው ነዋሪ ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው። ማንም ተማሪ ለቅጠል ብሎ መንገድ ይውጣ አልልም። የአንጀኒ ዘዴ የሚረዳን እዚህ ላይ ነው፤ ለኪው የቦታው ሰው ከሆነ ከውጭ የሚመጣ ሰው አያስፈልግም። በጎጃም አጸዶች ሥር ጎጆ ቀልሶ ዓመታት የሚቀመጥ የአብነት ተማሪ አለ። ቢቸና አጠገብ ያለችው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርቷ አገር ያወቃት ናት። ከዛፍ ሥር በተዘረጋ መረብ ላይ የተጠራቀመውን ቅጠል በየአሥራ አምስት ቀኑ ሰብስቦ፣ አድርቆ፣ ቀን ጽፎ በከረጢት ማስቀመጥ ለእንዲህ ያለ ልጅ ከባድ አይደለም። ክፍያውም ለልብስና ለቀለብ ይሆነዋል። ተማሪው መምጣት ሲችል መጥቶ ይወስዳል። መዝገቡ አይቋረጥም።

ሥራው በፈቃድ ነው የሚጀመረው። እስካሁን ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ከሀገረ ስብከት ደብዳቤ አጽፈው፣ አፈር ወስደው ይሄዳሉ፤ ውጤቱ በእንግሊዝኛ መጽሔት ይወጣና አጸዱን የጠበቁት ሰዎች ሳያውቁት ይቀራሉ። የመጀመሪያው ተማሪ ሲመረቅ ያገኘውን በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፎ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ለምእመኑ ያንብብ፤ ስንት ቅጠል እንደረገፈ፣ መሬታቸው ከቅጥሩ ውስጥና ከቅጥሩ ውጭ በምን እንደሚለያይ። ሁለተኛው ተማሪ ፈቃድ ሊጠይቅ ሲመጣ ያችን ገጽ ይዞ ይቅረብ፤ ቄሰ ገበዙም ካለፈው የጎደለ ካለ እዚያው ይጠይቁት።